የፑሊ ፍጥነት ስሌትና የመለኪያ ልወጣ ለወርክሾፕ ማሽነሪዎች

ይህ ጽሑፍ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ፣ በእህል ወፍጮ እና በመሰል የምርት ዘርፎች ለተሰማሩ ኢንተርፕራይዞች፣ ለማሽን ተካዮች እንዲሁም ማሽን ለመግዛት ለሚዘጋጁ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ ነው። ዓላማው በፑሊ (በአንዳንድ ወርክሾፖች ፑሌጃ በሚባለው) እና በማስተላለፊያ ቀበቶ (በተለምዶ ቺንጊያ) የሚሠሩ ማሽኖችን ፍጥነት ለማስላት፣ የኢንችና የሜትሪክ መለኪያዎችን ለማቀያየር እና ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚገባውን ማረጋገጫ ለማስገንዘብ ነው። ስሌቶቹን ለመሥራት ማባዛትና ማካፈል የሚችል ማንኛውም ሰው በቂ ዕውቀት አለው።

1. ስሌቱ ለምን አስፈለገ?

የሚሽከረከር አካል ሁሉ በአምራቹ የተወሰነለት ከፍተኛ ፍጥነት አለው። የወፍጮ ድንጋይ፣ ክብ መጋዝ እና የመሞረጃ ድንጋይ ከዚህ ወሰን በላይ ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ የሚገፋቸው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ይህም ማለት ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ድንጋዩ ወይም ዲስኩ ይህን መቋቋም ሲሳነው ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም በሠራተኛውና በአካባቢው ባሉ ሰዎች ላይ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ችግሩ በብዛት የሚፈጠረው አዲስ ማሽን በሚተከልበት ጊዜ ሳይሆን ነባሩ ማሽን ለውጥ በሚደረግበት ጊዜ ነው። የተቃጠለ ሞተር በሌላ ሲተካ፣ በዲዝል ሞተር ይሠራ የነበረ ወፍጮ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዛወር ወይም የተሰበረ ፑሊ በገበያ ላይ በተገኘ ሌላ ፑሊ ሲቀየር፣ ማሽኑ በዓይን ሲታይ እንደ ቀድሞው ቢመስልም ፍጥነቱ ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል።

2. የሞተሩን ፍጥነት ማወቅ

የስሌቱ መነሻ የሞተሩ ፍጥነት ሲሆን የሚለካውም በዙር በደቂቃ ነው። ይህ ቁጥር በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈው የመለያ ሰሌዳ ላይ ይገኛል።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰራጨው በ50 ሄርዝ ነው። በዚህ መሠረት የተለመዱት ሞተሮች ፍጥነት እንደሚከተለው ነው፦

- ባለ 2 ፖል ሞተር፦ ያለ ጭነት ወደ 3000 የሚጠጋ፣ በሙሉ ጭነት ከ2850 እስከ 2900 አካባቢ፤
- ባለ 4 ፖል ሞተር፦ ያለ ጭነት ወደ 1500 የሚጠጋ፣ በሙሉ ጭነት ከ1400 እስከ 1450 አካባቢ፤
- ባለ 6 ፖል ሞተር፦ ያለ ጭነት ወደ 1000 የሚጠጋ፣ በሙሉ ጭነት ከ930 እስከ 960 አካባቢ።

በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው በሙሉ ጭነት ጊዜ ያለው ፍጥነት ነው። ሆኖም ማሽኑ ባዶውን ሲዞር ፍጥነቱ ከፍ ስለሚል፣ የደኅንነት ወሰን በሚፈተሽበት ጊዜ ያለ ጭነት ያለው ቁጥር፣ ማለትም 3000፣ 1500 ወይም 1000 ሊወሰድ ይገባል። የምርት መጠን ለመገመት ግን የሰሌዳው ቁጥር ያገለግላል።

የመለያ ሰሌዳው የጠፋ ወይም የማይነበብ ከሆነ፣ እንዲሁም የዲዝል ሞተር ከሆነ ፍጥነቱን በግምት መውሰድ አይገባም። በዙር መለኪያ መሣሪያ (ታኮሜትር) መለካት ያስፈልጋል።

3. መሠረታዊው ቀመር

ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ፑሊ ነጂ ፑሊ፣ ከሚሠራው ማሽን ጋር የተያያዘው ደግሞ ተነጂ ፑሊ ይባላል። ቺንጊያው በሁለቱም ላይ እኩል ርዝመት ስለሚጓዝ የሚከተለው እኩልነት ይሠራል፦

የነጂ ፑሊ ዲያሜትር × የነጂ ፑሊ ፍጥነት = የተነጂ ፑሊ ዲያሜትር × የተነጂ ፑሊ ፍጥነት

ከዚህ በመነሳት፦

- የማሽኑን ፍጥነት ለማግኘት፦ የነጂ ፑሊ ዲያሜትር × የሞተር ፍጥነት ÷ የተነጂ ፑሊ ዲያሜትር፤
- የሚያስፈልገውን የሞተር ፑሊ ለማግኘት፦ የተነጂ ፑሊ ዲያሜትር × የሚፈለገው የማሽን ፍጥነት ÷ የሞተር ፍጥነት፤
- የሚያስፈልገውን የማሽን ፑሊ ለማግኘት፦ የነጂ ፑሊ ዲያሜትር × የሞተር ፍጥነት ÷ የሚፈለገው የማሽን ፍጥነት።

በአጭሩ፣ የሞተሩ ፑሊ ሲተልቅ ማሽኑ ይፈጥናል፤ የማሽኑ ፑሊ ሲተልቅ ማሽኑ ይዘገያል። ሁለቱም ዲያሜትሮች በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ ማለትም ሁለቱም በሚሊሜትር ወይም ሁለቱም በኢንች መሆን አለባቸው።

4. ምሳሌ አንድ፦ ከዲዝል ወደ ኤሌክትሪክ የተዛወረ ወፍጮ

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት በደቂቃ 650 ዙር በሚሠራ የዲዝል ሞተር ይጠቀም ነበር እንበል። የዲዝሉ ፑሊ 280 ሚሊሜትር፣ የወፍጮው ፑሊ 300 ሚሊሜትር ሲሆን በወፍጮው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት 600 ዙር በደቂቃ ገደማ ነው። የነበረው ፍጥነት፦

280 × 650 ÷ 300 = 607 ዙር በደቂቃ

ይህ ራሱ ከወሰኑ በትንሹ ያለፈ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በአካባቢው ሲገባ ባለቤቱ ባለ 4 ፖል ሞተር ገዝቶ ያንኑ 280 ሚሊሜትር ፑሊ ቢያስገጥምለት ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

280 × 1440 ÷ 300 = 1344 ዙር በደቂቃ

ወፍጮው ከተፈቀደለት ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሽከረከራል፤ ድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ደግሞ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ድንጋዩን ሊያፈነዳ የሚችል ስህተት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ተስማሚ ፑሊ በስሌት መምረጥ ነው። ለሞተሩ 125 ሚሊሜትር ፑሊ ቢመረጥና ወሰኑ 600 ቢሆን፣ ያለ ጭነት ባለው ፍጥነት ሲሰላ፦

125 × 1500 ÷ 600 = 312.5 ሚሊሜትር

የወፍጮው ፑሊ ከዚህ ማነስ የለበትም። በገበያ የሚገኘው ቀጣይ መጠን 315 ሚሊሜትር ቢሆን ማሽኑ ባዶውን 595፣ በሙሉ ጭነት ደግሞ 571 ዙር በደቂቃ ይሠራል። ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው።

5. ምሳሌ ሁለት፦ ክብ መጋዝ

በመጋዙ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት 4000 ዙር በደቂቃ፣ ሞተሩ ባለ 2 ፖል፣ የሞተሩ ፑሊ 120 ሚሊሜትር ቢሆን፦

120 × 3000 ÷ 4000 = 90 ሚሊሜትር

በመጋዙ ዘንግ ላይ የሚገጠመው ፑሊ ከ90 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። በ90 ፋንታ 80 ሚሊሜትር ቢገጠም ፍጥነቱ 4500 ይደርሳል፤ ይህም ከተፈቀደው በ500 ዙር ይበልጣል። እንዲሁም ባለ 4 ፖል ሞተር ተቃጥሎ ፑሊው ሳይቀየር በባለ 2 ፖል ሞተር ቢተካ የማሽኑ ፍጥነት በአንድ ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ልብ ሊባል ይገባል። ሞተር ሲገዛ የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም መጠየቅ የግድ ነው።

6. በሁለት ደረጃ የሚቀነስ ፍጥነት

ፍጥነቱን በጣም ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ በመካከል ሌላ ዘንግ ይገባል። በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ደረጃ ምጣኔ ይባዛል። ለምሳሌ የሞተሩ ፍጥነት 1440፣ የመጀመሪያው ጥንድ ፑሊ 100 እና 300፣ ሁለተኛው ጥንድ 120 እና 360 ሚሊሜትር ቢሆን፦

1440 × (100 ÷ 300) × (120 ÷ 360) = 160 ዙር በደቂቃ

7. ዲያሜትሩ ከየት ይለካል?

ጠፍጣፋ ቺንጊያ ለሚሠራበት ፑሊ የውጭ ዲያሜትሩ ይወሰዳል። ቦይ ላለው ፑሊ ግን ቺንጊያው ከቦዩ ውስጥ ጠልቆ ስለሚሠራ የሥራ ዲያሜትሩ ከውጩ ያንሳል። ስለዚህ ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ለኤ ዓይነት ቺንጊያ 5.5 ሚሊሜትር፣ ለቢ ዓይነት ደግሞ 7 ሚሊሜትር መቀነስ ያስፈልጋል። የኤ ዓይነት ቺንጊያ የላይ ስፋቱ 13፣ የቢ ዓይነት ደግሞ 17 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ጽሑፍ ምሳሌዎች ላይ የተጠቀሱት ዲያሜትሮች የሥራ ዲያሜትር ናቸው።

ልዩነቱ በትናንሽ ፑሊዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ የውጭ ዲያሜትራቸው 80 እና 160 ሚሊሜትር የሆኑ የኤ ዓይነት ፑሊዎች የሥራ ዲያሜትር 74.5 እና 154.5 ነው። የ1440 ዙር ሞተር በውጭ ዲያሜትር ሲሰላ 720፣ በትክክለኛው ሲሰላ ግን 694 ዙር ይሰጣል። ከዚህ በተጨማሪ ቺንጊያው ሲጫነው ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ሊንሸራተት ስለሚችል ትክክለኛው ፍጥነት ከስሌቱ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል።

8. የጠርዝ ፍጥነት

በመሞረጃ ድንጋይ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከዙር በደቂቃ ጋር ሜትር በሰከንድ የሚል ወሰንም ይጻፋል። ይህ የድንጋዩ ጠርዝ የሚጓዝበት ፍጥነት ሲሆን የሚሰላውም እንደሚከተለው ነው፦

3.1416 × ዲያሜትር በሜትር × ዙር በደቂቃ ÷ 60

ለምሳሌ ወሰኑ 35 ሜትር በሰከንድ የሆነ 200 ሚሊሜትር ድንጋይ በደቂቃ ከ3342 ዙር በላይ ሊሠራ አይችልም። በ3000 ዙር ሲሠራ የጠርዙ ፍጥነት 31.4 ሜትር በሰከንድ ስለሚሆን የተፈቀደ ነው። የሞተሩ ፑሊ 100፣ የድንጋዩ ፑሊ 80 ሚሊሜትር ቢሆን ግን ዘንጉ 3750 ዙር፣ ጠርዙ 39.3 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ ይህም ከወሰን ውጪ ነው።

ድንጋይ እየተበላ ሲያንስ የጠርዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሥራውም ይዘገያል። ይህን ለማካካስ ፑሊ ቀይሮ ዘንጉን ማፍጠን አይፈቀድም። የተበላው ድንጋይ በአዲስ በሚተካበት ቀን አዲሱ ሙሉ ድንጋይ በዚያው በተፋጠነ ዘንግ ላይ ይገጠማልና።

9. ፍጥነት መጨመር በሞተሩ ላይ የሚያስከትለው ጫና

ምርት ለማሳደግ በሚል የሞተሩን ፑሊ ማተለቅ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ያደርጋል። በወፍጮና በመሰል ማሽኖች የሚፈለገው ጉልበት ቢያንስ በፍጥነቱ ልክ ይጨምራል። በአየር ማራገቢያና በእንጨት ብናኝ መሳቢያ ላይ ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር የሚፈለገው ጉልበት 73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውጤቱም የሞተር መጋል፣ የሽቦ መቃጠል፣ የኩሽኔታ መበላት እና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ወጪ ነው።

10. የመለኪያ ልወጣ

በአገር ውስጥ ወርክሾፖች በሚሊሜትር የተሠሩና በኢንች የተሠሩ ማሽኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ። 1 ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር ነው። ኢንችን ወደ ሚሊሜትር ለመለወጥ በ25.4 ማባዛት፣ ሚሊሜትርን ወደ ኢንች ለመለወጥ በ25.4 ማካፈል ነው።

የርዝመት ልወጣ፦

- 1/8 ኢንች = 3.175 ሚሊሜትር
- 1/4 ኢንች = 6.35 ሚሊሜትር
- 3/8 ኢንች = 9.525 ሚሊሜትር
- 1/2 ኢንች = 12.7 ሚሊሜትር
- 5/8 ኢንች = 15.875 ሚሊሜትር
- 3/4 ኢንች = 19.05 ሚሊሜትር
- 1 ኢንች = 25.4 ሚሊሜትር
- 1 ጫማ (12 ኢንች) = 304.8 ሚሊሜትር

የጉልበት ልወጣ፦

- 1 የፈረስ ጉልበት በእንግሊዝና በአሜሪካ መለኪያ = 0.746 ኪሎዋት
- 1 የፈረስ ጉልበት በሜትሪክ መለኪያ = 0.7355 ኪሎዋት
- 1 ኪሎዋት = 1.34 የፈረስ ጉልበት በእንግሊዝና በአሜሪካ መለኪያ

ለምሳሌ 7.5 ኪሎዋት የሚል ሰሌዳ ያለው ሞተር በገበያ 10 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የሚጠራው ነው።

ተቀራራቢ ቁጥሮችን እንደ አንድ መቁጠር አደጋ አለው። ባለ 1 ኢንች ቀዳዳ ያለው ፑሊ በ25 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ሲገጠም 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ፑሊው ይወዛወዛል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ በመጨረሻም ሊፈታ ይችላል። የ1/2 ኢንች ብሎን በ12 ሚሊሜትር ጥርስ ውስጥ አይገባም፤ በኃይል ከተገፋ ጥርሱን ያበላሻል። በአንቀጽ 4 ምሳሌ በ125 ሚሊሜትር ፑሊ ፋንታ ባለ 5 ኢንች (127 ሚሊሜትር) ፑሊ ቢገጠም ወፍጮው ባዶውን 605 ዙር ይሠራል፤ ወሰኑንም ያልፋል።

11. በ60 ሄርዝ ከሚሠሩ አገሮች የሚመጡ ማሽኖች

ከሰሜን አሜሪካ የሚመጡ ማሽኖች፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለቤተሰብ የሚልኳቸውን ጨምሮ፣ በአብዛኛው ለ60 ሄርዝ የተሠሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። በመሆኑም በ60 ሄርዝ 1725 ዙር የሚሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ 1437 ዙር ገደማ ብቻ ይሠራል፤ ማለትም ከስድስት እጅ አምስቱን።

የቀድሞውን የማሽን ፍጥነት ለመመለስ የሞተሩን ፑሊ በ20 በመቶ ማተለቅ በስሌት ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ሊደረግ የሚገባው በሞተሩ ሰሌዳ ላይ 50 ሄርዝ ጭምር ከተጻፈ ብቻ ነው። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ ከመጠን በላይ ሊግል ስለሚችል፣ ለ50 ሄርዝ በተሠራ ሞተር መተካት ወይም የሄርዝ መለወጫ መሣሪያ መጠቀም ይመረጣል። ማሽን ከመላኩ በፊት ሰሌዳውን ፎቶግራፍ አስነስቶ ቮልቴጁን፣ ሄርዙንና ፍጥነቱን ማረጋገጥ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

12. የቺንጊያ ርዝመት

ፑሊ ሲቀየር የቺንጊያው ርዝመትም ይለወጣል። ርዝመቱ እንደሚከተለው ይሰላል፦

2 × የዘንጎች ርቀት + 1.57 × (ትልቁ ዲያሜትር + ትንሹ ዲያሜትር) + (የዲያሜትሮች ልዩነት × የዲያሜትሮች ልዩነት) ÷ (4 × የዘንጎች ርቀት)

በአንቀጽ 4 ለተመረጡት የ315 እና የ125 ሚሊሜትር ፑሊዎች፣ ከዘንግ መሐል እስከ ዘንግ መሐል ያለው ርቀት 500 ሚሊሜትር ቢሆን፦

1000 + 691 + 18 = 1709 ሚሊሜትር

በቺንጊያው ላይ ቢ 66 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የውስጥ ርዝመቱን በኢንች የሚያመለክት ሲሆን ይህም 1676 ሚሊሜትር ነው። በስሌት የተገኘው ርዝመት የሚለካው በቺንጊያው ውፍረት መካከል በመሆኑ፣ ለቢ ዓይነት ከ40 እስከ 46 ሚሊሜትር ተቀንሶ የውስጥ ርዝመቱ ይገኛል። በዚህ ምሳሌ ውጤቱ ከ1663 እስከ 1669 ሚሊሜትር ስለሚሆን ቢ 66 ተመርጦ ሞተሩ በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሳባል። ለዚህም ሲባል የሞተሩ መቀመጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

13. ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የሚደረግ ማረጋገጫ

1. የሞተሩ ፍጥነትና ሄርዝ ከሰሌዳው ተነቧል፤ ካልሆነም በዙር መለኪያ ተለክቷል።
2. በሚሽከረከረው አካል ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ተለይቷል። ምንም ያልተጻፈበት ድንጋይ ወይም ዲስክ አይገጠምም።
3. የማሽኑ ፍጥነት ያለ ጭነት ባለው የሞተር ፍጥነት ተሰልቶ ከወሰኑ በታች መሆኑ ታይቷል።
4. የዘንጉና የፑሊው ቀዳዳ በካሊፐር ተለክተው መግጠማቸው ተረጋግጧል።
5. ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ቺንጊያውም በልኩ ተወጥሯል።
6. በፑሊዎቹ፣ በቺንጊያውና በሚሽከረከረው አካል ላይ መከለያ ተገጥሟል።
7. ማንኛውም ልኬትና ለውጥ የሚከናወነው ኃይል ተቋርጦ፣ ማሽኑም ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው።
8. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሰዎች ከድንጋዩ ወይም ከዲስኩ መሽከርከሪያ አቅጣጫ ውጪ ቆመዋል።

የተሰላው ፍጥነት፣ የፑሊዎቹ ዲያሜትርና የቺንጊያው ቁጥር በማሽኑ አካል ላይ በማይጠፋ ቀለም እንዲጻፍ ይመከራል። ከዓመታት በኋላ ሞተሩን ወይም ፑሊውን የሚቀይረው ባለሙያ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

14. የአሠሪ ግዴታና የሙያ ድጋፍ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት። ሠራተኛም የደኅንነት መመሪያዎችን የማክበርና የተሰጡትን የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎች በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ማሽኑ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እየሠራ መሆኑን የተረዳ ሠራተኛ ሥራው እንዲቆም ለኃላፊው ወዲያውኑ ሊያሳውቅ ይገባል።

በስሌቱ ወይም በልኬቱ እርግጠኛ ያልሆኑ ኢንተርፕራይዞች በአቅራቢያቸው ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። ለድጋፍ ሲቀርቡ የሞተሩን የመለያ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ የሁለቱን ፑሊዎች ዲያሜትር፣ የዘንጎቹን ርቀት እና በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ፍጥነት ይዘው መቅረብ አገልግሎቱን ያፋጥናል።